ከወንዙ ማዶ የተመለሱት ፍየሎች

ነገሌ ቦረና
ጥር 14 ቀን 1983 ዓ.ም.

ውድ ሶራ፣

ሰላምታውን በእናንተ ደንብ ብጀምረው ሰዉ ናጋ፣ ከብቱ ናጋ፣ ውሃው ናጋ እያልኩ አንድ ሙሉ ገጽ ይሄድብኛል። ወረቀት ደግሞ እንደምታውቀው ውድ ሆኗል። ስለዚህ ባጭሩ ናጋ፣ ሰላም ብዬሃለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የሞያሌው ነጋዴ ራሺድ ነው። ድንበሩን ተሻግረህ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ እንደምትሠራ የነገረኝም እሱ ነው። ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ዓለሚቱ ምን ፈልጋ ጻፈች እንደምትል ይገባኛል። የምነግርህ አንድ ነገር ነው። ሳላንዛዛ አሁኑኑ ልጻፈው።

ፍየሎቹ ከታችኛው ሰፈር ይመለሱ የሚለው ትእዛዝ ከአዲስ አበባ አልመጣም። ከኃላፊያችን ከአቶ ጉግሳም አልመጣም። ቴሌግራም የሚባል ነገር አልነበረም። ትእዛዙ የእኔ ነበር።

ይህንን መጻፍ ይከብደኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልከበደኝም። ከዚያ ክረምት ወዲህ ብዙ ነገር እንዲህ ይሆንብኛል። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሰው ሲያለቅስ አጽናናለሁ፤ ውስጤ ግን ብዙ ሰዓት ተቀምጠውበት እንደ ደነዘዘ እግር ነው። አባቴ ሻምበል ባሻ ወልደየሱስ ባለፈው ዓመት ሲያርፉ የቀብሩን ድንኳን ያስተከልኩት፣ ወንበር ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። የሰፈሩ ሴቶች “ይቺ ልጅ ወንድ ነች” አሉ። እኔ ግን ወንድነት መስሎ አልተሰማኝም።

አንተ የምታውቀውንም ጭምር ከመጀመሪያው እጽፋለሁ። አንተ በዓይንህ ያየኸውንና እኔ በወረቀት ያየሁትን አንድ ጊዜ እንኳ ጎን ለጎን አስቀምጠናቸው አናውቅም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከብታቸው ያለቀባቸው ቤተሰቦች ነገሌ ዳር፣ ከደረቁ ወንዝ ግራና ቀኝ ሲሰፍሩ ፕሮጀክታችን ያሰበው ነገር በጎ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ላለው ቤት ሁለት ሁለት የሚታለቡ ፍየሎች መስጠት። ግን ፍየል ለሁሉም ከመሰጠቱ በፊት መጥቀሙ ይረጋገጥ ተባለ። ስለዚህ የላይኛው ሰፈር መቶ ቤት ይወስዳል፤ የታችኛው ሰፈር መቶ ቤት ለጊዜው አይወስድም፤ የሁለቱም ልጆች ይመዘናሉ፤ ልዩነቱ የፍየሉ ጥቅም ነው። ይህንን ዕቅድ በማስመሪያ አስምሬ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በስታትስቲክስ ተመርቄ የተወለድኩበት ከተማ መመደቤን እንደ ሹመት ነበር የማየው። ወንዙን መስመር አድርጌ ሳሰምረው ደስ ብሎኝ ነበር። ካምፕ ውስጥ ያደገ የወታደር ልጅ መስመር ካየ መስመር ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሌላ ሻለቃ ግቢ ነው፣ አይኬድም።

ለላይኛው ሰፈር ሽማግሌዎች ግራሩ ሥር ያስረዳንበትን ቀን ታስታውሳለህ። አንተ ታስተረጉማለህ፣ እኔ በመሃል በመሃል የካምፕ ኦሮምኛዬን ጣልቃ አስገባለሁ። ኦሮምኛሽ ዩኒፎርም ለብሷል እያልክ ትስቅብኝ ነበር። አቦ ዋሪዮ ምርኩዛቸውን እግራቸው መሃል አቁመው ሲያዳምጡ ቆዩና ጠየቁኝ።

“ልጄ፣ ታችኞቹ ምን አጠፉ?”

“ምንም አላጠፉም፣ አቦ። ለማወዳደር ነው።”

“ከማን ጋር?”

“ከእናንተ ጋር።”

“እኛና እነሱ ኮ አንድ ነን። ማንን ከማን ታወዳድሪያለሽ?”

ሳቅኩ። አንተ ሳቄንም አስተረጎምክላቸው መሰለኝ፣ እሳቸውም ፈገግ አሉ። የጠየቁኝ ግን የቀልድ አልነበረም። በዚያች ጥያቄ ዕቅዴ ያለቀለት እዚያው፣ ግራሩ ሥር ነበር። እኔ የሰማሁት አንድ ደግ ሽማግሌ የሚሉትን ነው።

መስከረም 1979 ፍየሎቹ ቀንዳቸው ቀይ ቀለም ተቀብቶ ታደሉ። ልጆቹንም መዘንን። መጋቢት ላይ ደግመን መዘንን። አንተ ልጆቹን ከሚዛኑ ላይ እያንጠለጠልክ ቁጥሩን ትጠራለህ፣ እኔ እጽፋለሁ። ቢሮ ገብቼ ስደምረው የላይኛውና የታችኛው ሰፈር እኩል ሆነብኝ። ልዩነቱ ሃያ ግራም። አንድ ልጅ ከመመዘኑ በፊት ሸንቶ ቢመጣ የሚጠፋ ልዩነት ነው። ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ከዚያ አቶ ጉግሳ ጋ ይዤ ገባሁ።

“እንግዲህ ዓለሚቱ፣” አሉኝ መነጽራቸውን አውልቀው፣ “ይሄ ማለት ፍየሉ አልጠቀመም ማለት ነው።”

“ሁለቱም ሰፈር ከመስከረሙ ተሽሏል ኮ፣ አቶ ጉግሳ።”

“ዝናብ ስለዘነበ ይሆናላ። ዝናቡን እኛ አላዘነብነውም። እኔ ይሄን ይዤ አዲስ አበባ ብገባ ዱብሉቅ ፍየል የሚጠብቁት ስምንት መቶ ቤተሰቦች ቀረባቸው። ሐምሌ ላይ እንደገና መዝኑ። ያኔም እንዲህ ከሆነ እንዘጋዋለን።”

እሳቸው ያሉኝ ይሄን ብቻ ነው። ከዚህ ውጭ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ስለ ፍየሎቹ መመለስም የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት “ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ” ብለህ ወንዙን አሻገርከኝ። ለመመዘን ካልሆነ ተሻግሬ አላውቅም ነበር። የምንመዝነውም ልጆቹን እዚያው ወንዙ ዳር አስመጥተን ነው። ከመጀመሪያው ጎጆ ጓሮ ቀይ ቀንድ። ከሁለተኛውም ቀይ ቀንድ። ከዚያ መቁጠር ጀመርኩ። እህትህ ሎኮ ደጅ ስንደርስ እሷ እያለበች ነበር፤ ልጇ ጉያቱ ደግሞ ከንፈሯ ላይ የወተት አረፋ ይዛ እግሯ ሥር ቁጭ ብላለች። ሁለት ዓመቷ ነበር። አካም ጅርታ ተባባልንና ፍየሏ የማን እንደሆነች ጠየቅኳት።

“የጠጂቱ ነች፣” አለችኝ። ጠጂቱ ላይኛው ሰፈር ያለችው የአጎታችሁ ልጅ ነች።

“ታዲያ አንቺ ጋ ምን ትሠራለች?”

“ዳባሬ ነው። ፍየሏ የጠጂቱ፣ ወተቱ የኔ። ለሷ ሁለት ሰጣችኋት፣ ለኔ ምንም። እሷ ሁለት እያለባት የኔ ልጅ ባዶ ጮጮ ስታይ ዝም ትላለች? አብዳለች?”

ካምፕ ውስጥ ባድግም ዳባሬ ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ አልነበረም። ከብት ያለው ለሌለው ዘመዱ የሚታለብ እንደሚያውስ፣ ማዋስ ብቻ ሳይሆን አለማዋስ እንደሚያስነውር የነገሌ ልጅ ሁሉ ያውቃል። የማውቀውን ነገር ዕቅዴ ውስጥ አላስገባሁትም እንጂ። ሎኮ ደግሞ ለጠጂቱ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ካምፕ ድረስ እንጨት ተሸክማ ሸጣ ስትመለስ ጨውና በቆሎ ታደርስላታለች፤ ጠጂቱ ገበያ ስትሄድ ልጆቿን ትይዝላታለች። ያን ዕለት ሁለታችን ስንዞር ውለን ቆጠርን። ከሁለት መቶው ፍየል ዘጠና አንዱ ታችኛው ሰፈር ነበር። በየቤቱ ላይኛው አንድ፣ ታችኛው አንድ ማለት ይቻላል። ሃያ ግራም የሆነው ለዚህ ነው። ፍየሉ ጠቅሟል፤ የጠቀመው ግን ሁለቱንም ሰፈር ስለሆነ አንዱን ከሌላው ስቀንስ ጥቅሙም አብሮ ተቀንሶ ጠፋ።

ወንዙ ውስጥ፣ አሸዋው ላይ ቁጭ ብለን ይሄን ሳስረዳህ አንተ እንደ ቀላል ነገር መልሱን ነገርከኝ።

“ታዲያ ሩቅ ሂጂያ። በፊልቱ መንገድ ያለውን ሰፈር መዝኚ። ዝናቡ ያው ነው፣ ድርቁም ያው ነበር። የኛ ዘመድ እዚያ የለም፣ ፍየላችን አይደርስም። ያኔ ልዩነቱ ይታይሻል።”

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አንተ ፊደል የቆጠርከው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀጥለህም እስከ ስምንተኛ በማታ ተማርክ። መልሱ ግን ያንተ ነበር፤ ትክክልም ነበር። እኔ መኪና የለም፣ ነዳጅ የለም አልኩህ። መኪናው ግቢ ቆሞ ነበር፣ ነዳጅም ብንለምን አይጠፋም ነበር። ያልፈለግኩበት ምክንያት ሌላ ነው። ሩቅ ሄዶ መመዘን ማለት የእኔ ዕቅድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስህተት ነበር ብሎ በእኔ ፊርማ መጻፍ ነው። ያን መጻፍ አቃተኝ። ስለ ዱብሉቅ ስምንት መቶ ቤተሰቦች አስቤያለሁ፤ እውነት ነው፣ አስቤያለሁ። ቀድሞ የመጣልኝ ግን የእኔ ስም ነው።

ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ቴሌግራም መጣ አልኩህ። ዓይንህን እያየሁ ነው ያልኩህ። “ፍየሎቹ ለተሰጣቸው ሰዎች ይመለሱ፣ እስከ ሐምሌ አንድም እንዳይሻገር ይላል።” ወረቀቱን አሳዪኝ ብትለኝ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። አልጠየቅከኝም። በዚያ ዘመን ትእዛዝ ተብሎ ማን ወረቀት ይጠይቃል? ደግሞ ታምነኝ ነበር።

“ይሄ ጥሩ አይደለም፣ ዓለሚቱ፣” አልከኝ።

“አውቃለሁ። ግን ትእዛዝ ነው። ሐምሌ ድረስ ነው፣ ሦስት ወር።”

“ትእዛዝ ከሆነ ከእህቴ እጀምራለሁ። የራሱን ትቶ የሰው ያስመልሳል ከሚሉኝ።”

ከዘበኛው ከሁቃ ጋር ሄዳችሁ። እኔ መዝገቤን ይዤ ከኋላ ነበርኩ። ሎኮ ነገሩን ስትሰማ አልጮኸችም። ገመዱን ራሷ ፈታችው።

“ጠጂቱ ተቀየመችኝ?” አለችህ።

“አልተቀየመችሽም።”

“ታዲያ ማነው የተቀየመኝ?”

“ማንም። ከላይ የመጣ ነው።”

ከላይ የመጣው ከኋላህ ቆሞ ነበር፣ ሶራ። በመዝገቡ ላይ “ቤት ቁጥር 17፣ አንድ ፍየል ተመላሽ” ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ቀን ፈጀብን። ላይኛው ሰፈር ስንደርስ አቦ ዋሪዮ ከግራሩ ሥር ሳይነሱ “እናንተ የሰጣችሁን ፍየል ነው ወይስ የፍየል ዘበኝነት?” አሉን። አትመልስላቸው አልኩህ። አንተ ግን “አቦ፣ እኔም አልገባኝም” ብለህ መለስክላቸው። ያን ጊዜ ተናድጄብህ ነበር። አሁን ሳስበው ከዚያ ሁሉ ቀን እውነት የተነገረው ያኔ ብቻ ነው።

የዚያ ዓመት የሚያዝያ ዝናብ ባጭር ቀረ። ይሄን እኔ አላመጣሁትም፤ ግን አውቄዋለሁ። ደመናውን እያየሁ ፍየሎቹ ወደ ታች እንዳይወርዱ በየሳምንቱ ሁቃን እልክ ነበር።

ሰኔ ላይ ጉያቱን ተቅማጥ ያዛት። አንተ አቅፈህ ጤና ጣቢያ ወሰድካት፣ ሁለት ቀን ቆየች። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ለሐምሌ የሚሆነውን ሰንጠረዥ እያሰመርኩ ነበር። በሩ ላይ ቆመህ “ጉያቱ ሞተች” አልከኝ። ቀና ብዬ አየሁህ። ምን እንደመለስኩልህ አንተ አትረሳውም፤ እኔም አልረሳሁትም። “ካርዷ ቁጥር ስንት ነበር?” ነው ያልኩህ።

“አርባ ሦስት፣” አልከኝ። ነገርከኝ ኮ። ከዚያ ወጥተህ ሄድክ።

ቀብሯ ላይ መጥቼ ነበር፤ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ተመለስኩ። ሎኮን አላናገርኳትም። የደነዘዝኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ወይስ ቴሌግራም መጣ ካልኩህ ቀን ጀምሮ ነው የሚለውን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ አልለየሁትም።

ፍየሏ ብትኖር ጉያቱ ትተርፍ ነበር ብዬ ልጽፍልህ አልችልም። አትተርፍም ነበር ብዬም አልጽፍም። አንዲት ልጅን አንዴ ከነፍየሏ፣ አንዴ ያለ ፍየሏ አኑሮ መመዘን አይቻልም። የሙያዬ ሁሉ ችግር ይሄ ነው፤ ለዚህ ነው ሰፈርን ከሰፈር የምናወዳድረው። ስለ አንዲት ልጅ ሲጠይቁኝ መልስ የለኝም። የማውቀው በመጋቢት ስትመዘን ጤነኛ እንደነበረች ነው።

ሐምሌ ላይ መዘንን። አንተም ነበርክ፤ ቁጥሩን ትጠራለህ፣ እኔ እጽፋለሁ። አርባ ሦስት ቁጥር ላይ ስደርስ “የለችም” ብዬ ሰረዝ አሰመርኩ። ከታችኛው ሰፈር አምስት ሰረዝ ነበር፤ ሁለቱ ወደ ዘመድ የሄዱ ናቸው፣ ሦስቱ የሞቱ ናቸው። ሰረዝ አይደመርም። ስለዚህ ጉያቱ በአማካዩ ውስጥ የለችም። የሞቱት ስለማይመዘኑ የታችኛው ሰፈር ከሆነው የተሻለ መስሎ ነው የሚታየው።

እንዲያም ሆኖ ልዩነቱ ሰባት መቶ ግራም ወጣ። አቶ ጉግሳ ከወንበራቸው ተነሡ። “እንዴት መጣ?” አሉኝ። “መሻገሩን ተቆጣጠርነው፣” አልኳቸው። “ጎበዝ!” አሉኝ። እንዴት እንደሆነ አልጠየቁም፣ እኔም አልነገርኳቸውም።

ያን ሰባት መቶ ግራም ስንት ጊዜ እንዳየሁት አትጠይቀኝ። ፍየል ካላቸውና ከሌላቸው መካከል የተገኘ ልዩነት ነው ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ነው። ሁለት ፍየል ካላቸውና የነበራቸውን ከተነጠቁ መካከል የተገኘ ነው። ደግሞ ሌላም ነበረበት። የላይኞቹ ልጆች ሁለት ሁለት ፍየል ተመልሶላቸው ሳለ ከመጋቢቱ ብዙም አልጨመሩም። ጨውና በቆሎው ከታች መምጣቱን አቁሟል፣ ልጅ የሚይዝላቸውም የለም። በወንዙ በኩል ወደ ታች የሚሄደውን ስቆርጥ ወደ ላይ የሚመጣውንም አብሬ ቆርጬዋለሁ። ከሰባት መቶው ግራም የፍየሉ ስንቱ ነው፣ የእኔ እጅ ስንቱ ነው ብትለኝ አላውቅም። ማንም አያውቅም። ሪፖርቱ ግን አውቃለሁ ይላል።

አንተ ነሐሴ ላይ ሄድክ። እኔን አልተሰናበትከኝም፤ ለሁቃ ብቻ “የእህቴን ዓይን ማየት አልቻልኩም፣ ገመዱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ” ብለኸው ሄድክ። ሁቃ ያንኑ ቀን ነገረኝ። የተሳፈርክበት መኪና ገና ያቤሎ አልደረሰም ነበር። ሰው ብልክብህ፣ ሞያሌ ላለ ነጋዴ መልእክት ብሰጥ ይደርስህ ነበር። እኔ ግን ሪፖርቱን በታይፕ ለሚመታው ሰው እያነበብኩለት ነበር። ነገ እጽፍለታለሁ አልኩ። ነገ ነገን እየወለደ ሦስት ዓመት ተኩል ሞላ።

ዱብሉቅ ፍየል ደረሰው፣ ሶራ። ስምንት መቶውም ቤት። ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ፤ ከጉድጓዶቹ አጠገብ ልጆቹ ወተት ሲጠጡ አይቻለሁ፣ ፊታቸው ሞልቷል። ይህንን የምጽፍልህ አንዱን ባንዱ እንድታጣፋልኝ አይደለም። የሆነ ነገር ስለሆነ ነው።

አሁን ለምን ጻፍሽ ትለኝ ይሆናል። ከሦስት ሳምንት በፊት ተክሉ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። የእኔን ሪፖርት በሰማያዊ አቃፊ ይዞታል፣ ዳር ዳሩ በእርሳስ ተሞልቷል። ሌላ አካባቢ ላይ የእህል ዕደላ ሊጀምሩ ነው፤ አንዱ ሰፈር ይወስዳል፣ ጎረቤቱ አይወስድም። “መሻገርን የምንቆጣጠረው እንደ ነገሌው ነው፣” አለኝ። “የእርስዎን አሠራር ለሁሉም እያስተማርን ነው።” አክብሮኝ ነው የሚናገረው። ጥሩ ልጅ ይመስላል፤ እኔ ያኔ የነበርኩበት ዕድሜ ላይ ነው።

አስቀምጬ ነገርኩት። ዘጠና አንዱን ፍየል፣ የሌለውን ቴሌግራም፣ አምስቱን ሰረዝ። የሚያወዳድሩ ከሆነ ሩቅ ሰፈር እንዲወስዱ፣ ዘመድና ገበያ የሚያገናኘውን ሁሉ እንደ አንድ ሰፈር እንዲቆጥሩ፣ የሚሻገረውን ከመከልከል ይልቅ እንዲጽፉት ነገርኩት። ያንተ ሐሳብ እንደሆነም ነገርኩት፣ እሱም ስምህን ጻፈው። ሁለት ገጽ ማረሚያ ጽፌ ፈርሜ ሰጠሁት። አቃፊው ውስጥ ከተተው። ያደርሰዋል አያደርሰውም አላውቅም። ሥራዬ ምን እንደሚሆንም አላውቅም፤ አልፈራሁም፣ ጀግና ሆኜ ሳይሆን እንዳልኩህ ብዙ ነገር ስለማይሰማኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ለማያውቀኝ ሰው የነገርኩትን ለእናንተ አለመንገሬ አስጠላኝ። ዛሬ ጠዋት ሎኮ ጋ ሄድኩ።

እዚያው ቤት ነው ያለችው። አንድ ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ ዓመት ሊሞላው ነው። ጠጂቱም አጠገቧ ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ አብረው ይሰፉ ነበር፤ እኔ የምናገረውን ስትሰማ ጠጂቱ ሕፃኑን አንሥታ ወጣች። በኦሮምኛ ጀመርኩ፣ አልወጣልኝ ሲል በአማርኛ ጨረስኩት። ሎኮ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክታ ሰማችኝ።

“ሶራ ይሄን ያውቃል?” አለችኝ።

“አያውቅም።”

“ከላይ የመጣ ነው ያለኝ…”

“እኔ ነኝ ያልኩት። እሱ አምኖኝ ነው።”

ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም።

“ጉያቱን ዋቃ ወሰዳት፣” አለችኝ። “ዋቃን አልጠይቅም። ወንድሜን ግን አንቺ ነሽ የወሰድሽው። በየገበያው መኪና በመጣ ቁጥር እወጣለሁ። እኔ ኮ አልተቀየምኩትም ነበር። አንድ ቀን አልተቀየምኩትም። ምን አድርጌው ነው እንዲህ የራቀኝ እያልኩ ራሴን ነው የምጠይቀው።”

ይቅርታ አልኳት። ከዚያ መርፌዋን ነቅላ መስፋቷን ቀጠለች።

“መጻፍ ትችያለሽ ኣ?” አለችኝ።

“አዎ።”

“ጻፊለት። ሎኮ ና ብላሃለች በይው። ልጅ ወልዳለች፣ ስሙን እስክትመጣ ብላ አቆይታዋለች በይው። ዛሬ ጻፊ።”

“እጽፋለሁ።”

“አንቺ ግን ከዛሬ በኋላ እዚህ አትምጪ።”

እሺ አልኳት። ተነሥቼ ወጣሁ።

ሶራ፣ መልእክቷ ይኸው ነው፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ። ራሺድ ሐሙስ ወደዚህ ይመለሳል፣ አብረኸው የምትሳፈርበት ቦታ እንዲይዝልህ ነግሬዋለሁ። ስትመጣ መኪና ተራው ላይ ልቀበልህ አልወጣም፤ ቀጥ ብለህ እህትህ ጋ ሂድ።

ዓለሚቱ ወልደየሱስ